ብርድ የሚወድ የፀሐይ ማሽን

ስለ ፀሐይ ኃይል ወሬ በተነሣ ቁጥር የአዲስ አበባ ሰው ጣት ወዴት እንደሚጠቁም አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ወደ አፋር ነው። «ያ ሁሉ ሐሩር ሜዳ ላይ እየባከነ እኛ መብራት ጠፋ እንላለን! ዳናክል ላይ መስታወት ቢደረደር ለጎረቤት ሁሉ እንተርፍ ነበር» ይላል ማኪያቶውን እያማሰለ። ጠረጴዛውን የከበበው ሁሉ ራሱን በስምምነት ይነቀንቃል። በኛ ቋንቋ ሐሩርና ፀሐይ አንድ ናቸው። «ፀሐዩ ገደለን» ስንል ሙቀቱን ማለታችን ነው።

ይህ ጽሑፍ ያንን ጣት ቀስ አድርጎ ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ማዞር ይፈልጋል። አዎ፣ ወደ ብርድ ልብስ ፋብሪካዋ አገር፤ አውቶቡስ ሲቆም ሰው ሁሉ ጃኬቱን ወደሚቆልፍባት ደብረ ብርሃን። ምክንያቴ አንድ ቁጥር ነው፤ 31።

ነገሩን ከአምቦ ውኃ ልጀምረው። ጠርሙሱን ስትከፍቱት «ፍስስ» ብሎ የሚወጣው አረፋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ዓለም በየዓመቱ በአውሮፕላን እየተጓዘ ተሰብስቦ የሚያወግዘው ያው ጋዝ። ታዲያ ይኸው የተወገዘ ጋዝ በመሐንዲሶች ሰፈር ሌላ ማመልከቻ አስገብቷል፤ የውኃን ሥራ ሊወስድ ይፈልጋል። የትኛውን ሥራ? ተርባይን የማዞሩን ሥራ።

ከሰል የሚያነደውም፣ ኒውክሌር የሚጠቀመውም፣ ፀሐይን በመስታወት የሚሰበስበውም ማመንጫ ውስጡን ብትከፍቱት ያው ጀበና ነው። ውኃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ይገፋል፣ ቀዝቅዞ ውኃ ይሆናል፣ ተመልሶ ይፈላል። ሙቀቱን ተሸክሞ ሲዞር የሚውለውን ይህን ነገር መሐንዲሶቹ «ወርኪንግ ፍሉይድ» ይሉታል። እኔ «ወዛደሩ» ልበለው፤ የሚለፋው እሱ ነውና። (ጣሪያ ላይ የምናየው ሰማያዊ ሰሌዳ ወዛደር የለውም። ብርሃኑን በቀጥታ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ዓይነት ነው፤ ፀሐይን መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪክ ስለሚያደርገው።) ውኃ ይህን ሥራ ከጄምስ ዋት ዘመን በፊት ጀምሮ ይዞታል። ጡረታም ጠይቆ አያውቅም።

አሁን ወደ 31። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከ31 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ አሙቁት፣ ከ74 ባር በላይም ጨቁኑት። (የመኪና ጎማ ሁለት ባር ተኩል ገደማ ነው፤ አስቡት።) ያኔ ጋዝም ፈሳሽም መሆኑ ይቀራል። እንደ ጋዝ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ይሞላል፣ እንደ ፈሳሽ ደግሞ ጥቅጥቅ ይላል። ሱፐርክሪቲካል የሚሉት ይህንን ነው። ውኃም እዚህ ይደርሳል፤ ግን 374 ዲግሪና 221 ባር ካልተከፈለው ንቅንቅ አይልም። ካርቦኑ ለዚህ የሚጠይቀው ሙቀት የአንድ ደህና የድሬዳዋ ጠዋት ያህል ነው።

እና ምን ይጠበስ? ትሉኛላችሁ። የሚጠበሰው ይኸውና። በማንኛውም የሙቀት ማሽን ውስጥ ወዛደሩ ወደ ምድጃው ከመመለሱ በፊት መጨመቅ አለበት፣ ጋዝ መጭመቅ ደግሞ ውድ ነው። በተለመደው የአየር ጋዝ ተርባይን፣ ተርባይኑ ከሚያፈራው ጉልበት ግማሽ ያህሉን ኮምፕረሰሩ ራሱ ይበላዋል። ደመወዙን ለታክሲ እንደሚጨርስ ሠራተኛ ማለት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 31 ዲግሪ ደጃፍ ላይ ሲጨመቅ ግን ከጋዝ ይልቅ ፈሳሽ የመግፋት ያህል ይቀላል። የኮምፕረሰሩ ድርሻ ወደ ሩብ ወይም ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ከተርባይኑ ሲወጣም ገና ትኩስ ስለሆነ ትርፉን ሙቀት ወደ ውስጥ ለሚገባው ወንድሙ ያወርሰዋል። እንፋሎት ግን አብዛኛውን ሙቀቱን ለማቀዝቀዣው ጥሎት ይሄዳል።

ሌላው የመጠን ነገር ነው። የእንፋሎት ተርባይን ጅራቱ ግዙፍ የሚሆነው እንፋሎቱ መጨረሻ ላይ ከአየር ግፊት በታች ወርዶ ስለሚንቦራቀቅ ነው። ካርቦኑ ከ250 ባር ቢነሣ 80 ባር አካባቢ ላይ ያቆማል፣ ከዚያ በታች አይወርድም። ስለዚህ ማሽኑ ትንሽ ይሆናል። በቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ በሳውዝዌስት ሪሰርች ኢንስቲትዩት ግቢ የተተከለው 10 ሜጋ ዋት የሙከራ ጣቢያ ተርባይኑ የአንድ ጽሕፈት ጠረጴዛ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ኤሌክትሪክ አመነጨ፣ በዚያው ዓመትም በ500 ዲግሪ ሙቀትና በደቂቃ 27,000 ዙር 4 ሜጋ ዋት ደረሰ። (ዓመቶቼ ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ ናቸው።) ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በኒው ሜክሲኮ ሳንዲያ ቤተ ሙከራ አንድ ትንሽ ማሽን 10 ኪሎ ዋት ለ50 ደቂቃ ያህል ወደ መስመር ልኮ ነበር። አሥር ኪሎ ዋት የሦስት እንጀራ ምጣድ ጉልበት ነው። ሆኖም እነሱ ደስ አላቸው፣ ልክም ናቸው፤ የዚህ ሐሳብ የመጀመሪያ የባለቤትነት ወረቀት በሱልዘር ኩባንያ ስም ስዊዘርላንድ ውስጥ የወጣው በ1950 ገደማ ነውና። አንጀሊኖ ጣሊያን ውስጥ፣ ፌኸር አሜሪካ ውስጥ ሒሳቡን በ1960ዎቹ መጨረሻ ጨርሰውት ነበር። ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ መደርደሪያ ላይ ተኛ። በ2004 ዶስታል የሚባል ተማሪ ኤም.አይ.ቲ. ላይ የዶክትሬት ጽሑፉን ሲሠራ አቧራውን አራገፈለት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ማጥራት አለብኝ፤ አለበለዚያ ነገ የፌስቡክ ሊቃውንት «ካርቦን የሚበላ የፀሐይ ማመንጫ ተገኘ» ብለው በቀይ ፊደል ይለጥፉታል።

አንደኛ፣ አይበላም። ጋዙ በዝግ ቧንቧ ውስጥ ነው የሚዞረው። አንድ ጊዜ ትሞሉታላችሁ፣ የሚያመልጠውን ትተካላችሁ፣ አለቀ። ከሰማይ ላይ የሚቀነስ ካርቦን የለም። ያለው ጥቅም እንደማንኛውም የፀሐይ ማመንጫ ነዳጅ አለማቃጠሉ ነው።

ሁለተኛ፣ የጠቀስኳቸው ሁለቱም ማሽኖች ሙቀታቸውን ከፀሐይ አላገኙም። የሳንዲያው በኤሌክትሪክ ነው የሞቀው። ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት የቴክሳሱ ደግሞ በተፈጥሮ ጋዝ። በ2025 መጨረሻ ቻይና ጉይጆ ውስጥ ለንግድ ሥራ የጀመረው ማሽንም የሚሠራው በብረት ፋብሪካ ትርፍ ሙቀት ነው። ፀሐይና ካርቦኑ ገና እጮኛሞች ናቸው፣ ሰርጉ አልተደገሰም።

ለምን ዘገየ? አሜሪካኖቹ የመረጡት ፀሐይ የበረሃ ፀሐይ፣ የመረጡት ሙቀት ደግሞ ከ700 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም። አሁን ማማ ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ የሚያከማቸው የቀለጠ ጨው 565 ዲግሪ አካባቢ ላይ መበላሸት ይጀምራል። ስለዚህ የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ጨውን ትቶ እንደ አሸዋ ከላይ በሚፈስ የሴራሚክ ብናኝ ላይ ተወራርዷል፣ ለሳንዲያም በ2021 ለዚሁ 25 ሚሊዮን ዶላር መድቧል። ዒላማቸው ከመቶው ሙቀት 50ውን ኤሌክትሪክ ማድረግ ነው፣ ያውም አየሩ 40 ዲግሪ በሆነበት ቦታ፣ ያለ ውኃ ማቀዝቀዣ። በ700 ዲግሪ 250 ባር የሚችል ቧንቧ ከተራ ብረት አይሠራም፤ ውድ የኒኬል ቅይጥ ይጠይቃል። ሙቀት መለዋወጫው ደግሞ ፀጉር መሰል ቦዮች የተቦረቦሩባቸው ሳህኖች ተደራርበው እንደ አንድ ብረት የተጣበቁበት ዕቃ ነው። እሱ ብቻውን የበጀቱን ሆድ ይሞላል።

«አየሩ 40 ዲግሪ በሆነበት» የሚለውን ልብ በሉልኝ። የኔ ጉዳይ እሱ ጋ ነው።

ካርቦኑ 31 ዲግሪ ላይ ነው የሚመቸው ብለናል። አየሩ 40 ከሆነ በአየር የቀዘቀዘ ጋዝ 50 ገደማ ሆኖ ነው የሚመለሰው። ያ ጥቅጥቅ ያለው፣ ለመግፋት የሚቀለው ወዛደር ተነነ ማለት ነው። እዚያ ነጥብ አካባቢ ጠባዩ የሚያስቸግር ነው፤ ሦስት አራት ዲግሪ ሲጨምር ጥቅጥቅነቱ በግማሽ ሊወርድ ይችላል። የዳሎል ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት የተደመረ አማካይ ሙቀት፣ በ1960ዎቹ በተለካው መሠረት፣ ከ34 ዲግሪ በላይ ነው። አማካዩ! ለካርቦኑ ዳሎል ማለት ደመወዝ የማይከፈልበት ቀጣና ነው። ዱባይም፣ ሪያድም፣ ኔቫዳም በበጋቸው ከዚያ አይሻሉም።

አሁን ደብረ ብርሃንን አምጧት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ። ቀን ፀሐዩ ያንገበግባል፣ ጥላ ውስጥ ስትገቡ ትንቀጠቀጣላችሁ። ይህ ለእኛ የቅሬታ ርዕስ ነው፤ ለካርቦኑ ግን ገነት። አየሩ 15 ዲግሪ ከሆነ ጋዙ ከ31 በታች ወርዶ ጭራሽ ፈሳሽ ይሆናል፣ ያኔ በኮምፕረሰር ፋንታ በፓምፕ ትገፉታላችሁ። አንጀሊኖ በ1968 የጻፈው ስለዚሁ ዓይነት ዑደት ነበር። እሱ ያሰበው በቀዝቃዛ ውኃ ነው። እኛ ግን ቀዝቃዛ አየር በነፃ አለን።

ብርድ ምን ያህል ያወጣል? የካርኖን ሒሳብ እንሥራ፣ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው አትፍሩ። ሙቀቱ 715 ዲግሪ ሲሆን ማቀዝቀዣው ከ40 ወደ 20 ቢወርድ የማሽኑ የቲዎሪ ጣሪያ ከ68 ወደ 70 በመቶ ነው ከፍ የሚለው። ኢምንት። ሙቀቱ 165 ዲግሪ ብቻ ሲሆንስ? ያው የ20 ዲግሪ ልዩነት ጣሪያውን ከ28.5 ወደ 33 በመቶ ያነሣዋል። ካለው ላይ አንድ ስድስተኛ ያህል ጭማሪ! ማለትም ብርድ ይበልጥ የሚጠቅመው ለግዙፉ የቴክሳስ ማሽን ሳይሆን ለትንሹ፣ ለርካሹ፣ ተራ ብረት ለሚበቃው ማሽን ነው። (የገሃዱ ማሽን ከጣሪያው በታች ነው የሚኖረው፣ ትንሹ ደግሞ በጣም በታች። ግን ዝምድናው አይለወጥም።)

165 ዲግሪን ዝም ብዬ አልመረጥኩትም። በ2000ዎቹ አጋማሽ ጃፓን ኪዮቶ የሚገኘው የዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አየር በወጣላቸው የመስታወት ቱቦዎች፣ ማለትም አሁን አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ውኃ ከሚያሞቁት ቱቦዎች ዘመዶች፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በፀሐይ ብቻ እያሞቁ በዝግ ዑደት አዙረውታል። መስታወት የተደረደረበት ሜዳ የለም፣ ማማ የለም። በመጀመሪያ ሙከራቸው ተርባይን እንኳ አልነበራቸውም፤ በቦታው ቫልቭ አድርገው ግፊቱንና ሙቀቱን ለኩ። ከዑደቱ የጠበቁት ሁለት ነገር ነበር፤ ኤሌክትሪክና ሙቅ ውኃ። ጃፓኖች በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃ ማሞቅን ያውቁበታል። ከ2001 ጀምሮ «ኢኮ ኪዩት» የሚባለው የቤት ውኃ ማሞቂያቸው በዚሁ ጋዝ ነው የሚሠራው፣ በሚሊዮኖችም ተሽጧል።

ደብረ ብርሃን ላይ ሙቅ ውኃ የሚፈልግ ማን አለ? ሱፍ የሚያጥብ፣ ክር የሚነክር፣ ቢራ የሚጠምቅ ፋብሪካ አለ። ካርቦኑ ከተርባይኑ ወጥቶ ገና ትኩስ ሳለ የፋብሪካውን ውኃ ያሞቅ፣ የቀረውን የከተማዋ ብርድ ይጨርሰው።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ላምጣው፤ ማንም ሳይቀድመኝ።

ሰማያዊው ሰሌዳ ረክሷል። በጣም ረክሷል። በ2019 ለጋድና ለዲቼቶ የፀሐይ ማመንጫዎች በወጣው የኢትዮጵያ ጨረታ ያሸነፈው ዋጋ ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 2.5 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። ሞሮኮ ዋርዛዛት ላይ በ2016 የተመረቀው በመስታወትና በእንፋሎት የሚሠራው ኑር 1 ወደ 19 ሳንቲም ነው የተዋዋለው። ዱባይ ለኋለኛው ግዙፍ ማመንጫዋ 7.3 አድርሳዋለች፣ ያም ቢሆን በሦስት እጥፍ ይርቃል። ስለዚህ «በካርቦን ዑደት ለቀን ፍጆታ እናመንጭ» የሚል ሰው ካለ ገንዘብ የሚያስጠላው ሰው ነው። ቀን የሰሌዳው ነው፣ ክርክር የለውም።

ማታስ? ማታ ምጣድ አለ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል፤ የ350 ቁጠባ አምፖሎች ያህል። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ አንድ ላይ ሲጋግሩ ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚል ሰፈራችሁ ያውቀዋል። ሙቀትን አከማችቶ ማታ ማውጣት ኤሌክትሪክ ከማከማቸት ይቀላል፤ ዘይት፣ ጨው፣ ድንጋይ፣ አሸዋ ይበቃዋል። የደጋው ጉርሻ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ ምጣዱ በሚጣድበት ሰዓት አየሩም ይቀዘቅዛል። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ከገባች በኋላ ደብረ ብርሃን ውጭ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ማሽኑ ብዙ በሚፈለግበት ሰዓት ይበልጥ ይመቸዋል። በረሃ ውስጥ የተተከለ የሙቀት ማሽን ዕጣው ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ አየር ማቀዝቀዣ ሁሉ በሚበራበት የቀትር ሰዓት ነው የሚዝለው።

«ማታማ ግድብ አለን!» ይሉኛል። እውነት ነው። ግድብ የዓለም ትልቁ ባትሪ ነው። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቀን በሰሌዳ እየሠራን ውኃውን ለማታ ብናስቀምጥ ለብሔራዊ መስመሩ ከዚህ የተሻለ ጋብቻ የለም። እኔም ለመስመሩ አይደለም የምከራከረው። ግን በ2009 ሰፈር በሰፈር በፈረቃ ሻማ ያበራን ሰዎች ነን። በ2019ም የግልገል ጊቤ 3 ውኃ ሲወርድ ፈረቃው ተመልሶ መጥቷል። ከዘጠና በመቶ በላይ መብራቱን ከውኃ የሚያገኝ አገር ድርቅ በመጣ ቁጥር የፋብሪካ ማሽን ነው የሚያቆመው። ፋብሪካው ደግሞ የሚፈልገው ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም፣ ሙቀትም ነው። ሊቲየም ባትሪ ረክሷል፣ እሰየው። ነገር ግን በባትሪ ኤሌክትሪክ ሱፍ የሚታጠብበትን ውኃ ማሞቅ ቅቤን ለመብራት ማንደድ ይመስለኛል።

ውኃን ካነሣን አይቀር የዋርዛዛትን ነገር ልጨርሰው። ኑር 1 እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘው በውኃ ነው፣ ውኃውም የሚመጣው ከመንሱር ኤዳህቢ ግድብ፤ በረሃ አፋፍ ላይ የቴምርና የአትክልት ገበሬ ከሚጠብቀው ግድብ። በ2018 የተጨመሩት ኑር 2 እና 3 በአየር እንዲቀዘቅዙ ተደረገ። ትምህርቱን ወስደዋል፣ ግን እንፋሎት በአየር ሲቀዘቅዝ ይዝላል። ለካርቦኑ በአየር መቀዝቀዝ ቅጣቱ ያነሰ ነው። ከብቃቱ ይልቅ እኔን የገዛኝ ይኼ ነው። በአንድ አዲስ ማመንጫና በአንድ መንደር ጉድጓድ መካከል ምረጡ ከሚሉን፣ ያልተጠማ ወዛደር ይሻለናል።

እንግዲህ እንከኑን ደግሞ ልዘርዝር፣ ሻጭ እንዳልመስል። ደብረ ብርሃን አየሩ ቀዝቃዛ ብቻ ሳይሆን ስስም ነው፤ ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር ከሩብ በላይ ይሳሳል። ስስ አየር ሙቀት አይሸከምም፣ ስለዚህ ማራገቢያው መተለቅ አለበት፣ ከብርዱ ያገኘነውን ጥቂቱን ይበላብናል። ክረምት ደግሞ አለ። ሐምሌና ነሐሴ መስታወት ይዞ ደመና ማየት ነው፤ ፀሐይን አንድ ቦታ የሚያጎሉ መስታወቶች ቀጥተኛ ጨረር ካላገኙ ዋጋ የላቸውም፣ ቱቦዎቹም ቢሆኑ ይዳከማሉ። መጽናኛው ግድቦቹ የሚሞሉት ልክ በዚያው ወቅት መሆኑ ነው። ከዚያ ደኅንነት። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ቀለምና ሽታ የለውም። በ1986 ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ ሐይቅ ሌሊት ተገንፍሎ 1,700 ያህል ሰው በተኛበት አፍኗል። (ከሰል አንድደው በር ሲዘጉ የሚገድለው ሌላ ነው፤ እሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፣ ወንድማማቾቹን አታምታቱ።) የአንድ ትንሽ ሙከራ ጋዝ እንደዚያ ሐይቅ አይሆንም። ሆኖም መቶ ባር የተጨቆነ ነገር ዝግ ክፍል ውስጥ አይተከልም። ከቤት ውጭ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ጋዝ መለኪያ ተደርጎለት ብቻ።

ትልቁ እንከን ግን ዕቃው ሳይሆን እኛው ነን። ከውኃ የተለየ ወዛደር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ አሉቶ ላንጋኖ ላይ የተተከለው 7.3 ሜጋ ዋት የከርሰ ምድር እንፋሎት ማመንጫ ፔንቴን የሚባል ፈሳሽ ይጠቀም ነበር። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ቆመ፣ ጥገናውን ለዓመታት ሲጠብቅ ኖረ። ያ ማሽን በዓለም ላይ አዲስ አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ሩቅ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ነገ አንድ ኩባንያ የሚያብረቀርቅ የካርቦን ተርባይን በኮንቴይነር ይዞ መጥቶ ሪባን ቢቆረጥለት አላጨበጭብም። ሪባኑን ቆርጦ የሚሄድ ባለሥልጣን ብዙ ነው፤ ማኅተሙ ሲያፈስ የሚፈታው ልጅ ነው የጎደለን።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። አምስት ኪሎ፣ አዳማ፣ መቀሌ፣ ራሱ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ተማሪዎች አሉ። በየዓመቱ ለመመረቂያ የፀሐይ ምድጃ ንድፍ እየሠሩ መደርደሪያ ላይ ይደረድሩታል። አንድ ሙከራ ይሠራላቸው። ጥቂት የመስታወት ቱቦዎች፣ መቶ ባር የሚችል የማይዝግ ቧንቧ፣ ፓምፕ፣ ማራገቢያ፣ ግፊትና ሙቀት መለኪያ፣ ለለስላሳና ለቢራ ከሚሸጠው ሲሊንደር የተቀዳ ጋዝ። በተርባይኑ ቦታ ዶሺሻዎች እንዳደረጉት ቫልቭ። የሚለካው ነገር ቴክሳስ ውስጥ በማንም ጠረጴዛ ላይ የለም፤ በ2,800 ሜትር፣ በስስ አየር፣ ቀን የተከማቸ ሙቀት ማታ በብርድ ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ 31ን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚሻገር። የኔቫዳ መሐንዲስ ይህን አይለካልንም። የሱ ችግር 40 ዲግሪ ነው።

የመጀመሪያው ልኬት በታኅሣሥ ሌሊት ቢጀመር እመርጣለሁ። መለኪያውን የሚያነበው ተማሪ ጋቢ ይያዝ።